ሦስት ሲሊንደር በጎንደር ዳገት፦ የትንሿ ቤንዚን ሞተር ልክና ሕመም

ጎንደር ውስጥ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው ዋጋውን ከጠየቀ በኋላ የሚያስከትለው ጥያቄ «ዳገት ትወጣለች?» የሚል ነው። ከተማዋ ራሷ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ከአዘዞ ሜዳ ተነስቶ ፒያሳ የደረሰ ሞተር ወደ ጎሃ ኮረብታ ለመውጣት እንደገና ትንፋሹን መሰብሰብ አለበት። በወገራ በኩል አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ለሚገባ ደግሞ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የደጋ መንገድ ይጠብቀዋል። ለጥያቄው ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። ደላላው «ሞተሯ ያልተነካ፣ ነዳጅ የማታውቅ» ይላል። አንዳንድ መካኒክ ደግሞ «ሦስት ሲሊንደር ብሎ ሞተር የለም» ብሎ ይደመድማል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ትንሿ ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ የምትታመመው ትንሽ ስለሆነች አይደለም። የሚጥላት በአብዛኛው የውሃና የዘይት ጉዳይ ነው።

እነዚህ ሞተሮች መንገዳችንን የሞሉት በአጋጣሚ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ መኪናን በሞተሩ መጠን ከፋፍሎ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ አስከፈለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ከ1,300 ሲሲ የማይበልጠውን አዲስ መኪና ወደ 5 በመቶ አውርዶ፣ ያረጀውን ያገለገለ መኪና እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ ቀጣ። ስለዚህ 1,300 ሲሲ በእኛ ገበያ እንደ ድንበር ቆመ። ቶዮታ ቪትዝ፣ ያሪስና ትንሿ ኮሮላ ከዚያ ድንበር ውስጥ የገቡ መኪኖች ናቸው። ከዚያም በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ይህ ለጎንደር ሰው ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው፤ ዛሬ በእጁ ያለችውን የቤንዚን መኪና ነገ በሌላ የቤንዚን መኪና እተካለሁ ብሎ መዘናጋት አይችልም። ሞተሯን ማቆየት የግድ ሆኗል።

ቪትዝ ስንል ስለ አንድ ሞተር የምናወራ ይመስለናል፤ ከኮፈኑ ሥር ያለው ግን አንድ አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ የያዘችው 1 ኤስዜድ የተባለውን፣ 997 ሲሲ የሆነውን ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በመጣችው ሁለተኛዋ ትውልድ ባለ አንድ ሊትሩ ወደ ሦስት ሲሊንደር ተለወጠ፤ 1 ኬአር የሚባለው ይህ ነው። ባለ 1.3 ሊትሮቹ ደግሞ አንዳንዱ 1,298 ሲሲ የሆነው 2 ኤንዜድ፣ አንዳንዱ 1,296 ሲሲ የሆነው 2 ኤስዜድ ናቸው። የድሮዋ ባለ ካርቡራቶር ኮሮላ ላይ ያለው 2 ኢ 1,295 ሲሲ ነው። ሁሉም ከታክሱ ድንበር በታች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ጠባይ ግን ይለያያል። የከተማዋን አጭር መንገድ በአብዛኛው የተሸከመችው ባጃጅ ደግሞ 200 ሲሲ ገደማ የሆነች፣ በአየር የምትቀዘቅዝ አንድ ሲሊንደር ናት፤ የእሷ ጉዳይ ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

በብዛት የሚታማው 1 ኬአር ስለሆነ ከእሱ ጋር ልቆይ። ሞተሩን ያበለጸገው የቶዮታ ቤተሰብ የሆነው ዳይሃትሱ ነው። በጃፓን ሰነድ 996 ሲሲ፣ በአውሮፓው 998 ሲሲ ተብሎ ይጻፋል። የሲሊንደሩ ስፋት 71 ሚሊ ሜትር ሲሆን ፒስተኑ ወደ 84 ሚሊ ሜትር ይመላለሳል። ለሦስቱ ሲሊንደሮች በጠቅላላው 12 ቫልቭ፣ ከላይ ሁለት ካምሻፍት፣ የአየር መግቢያ ቫልቮቹን ጊዜ በዘይት ግፊት የሚያስተካክል ቪቪቲ-አይ አለው። ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው ቺንጋ ሳይሆን ካቴና ነው። በ2005ቱ ቪትዝ ላይ 71 የፈረስ ጉልበት በ6,000 ዙር፣ 93 ያህል ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ደግሞ በ3,600 ዙር ይሰጣል። ብሎኩ አሉሚኒየም ስለሆነ ጠቅላላ ክብደቱ 70 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከ2007 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. አራት ዓመት በተከታታይ ከአንድ ሊትር በታች ባሉ ሞተሮች ምድብ የዓመቱ ዓለም አቀፍ ሞተር ተብሎ ተሸልሟል። «ሞተር አይደለም» ለሚሉት የምመልሰው ይህንን ነው።

ይሁን እንጂ 71 የፈረስ ጉልበት የተለካው በባሕር ወለል አየር ነው። ሞተር የሚሠራው በሚስበው አየር ልክ ነው፤ አየር ሲሳሳ ጉልበትም ይሳሳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,133 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 77 በመቶ ያህል ነው። 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅ ወደ 71 በመቶ፣ በስሜን ፓርክ ውስጥ 3,600 ሜትር አካባቢ ባለው ጨነቅ ደግሞ ወደ 64 በመቶ ይወርዳል። የቪትዟ 71 ፈረስ ጎንደር ላይ ወደ 55፣ ደባርቅ ላይ ወደ 50፣ ጨነቅ ላይ ወደ 45 ይጠጋል ማለት ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ፣ ትልቁም ቢሆን፣ ያንኑ እጅ ይከፍላል። ልዩነቱ ትልቁ የሚከፍለው ከትርፉ መሆኑ ነው።

ሒሳቡን ትንሽ ልግፋው። መኪናዋ ራሷ አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ ናት፤ አምስት ሰውና ሻንጣ ሲጨመር 1,400 ትደርሳለች። በየመቶ ሜትሩ 8 ሜትር በሚነሳ ዳገት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከሞተሩ 37 የፈረስ ጉልበት ያህል ያስፈልጋል። ደባርቅ አካባቢ ሞተሩ በ3,600 ዙር የሚሰጠው ግን 34 ያህል ነው። ስለዚህ ዙሩ ወደ 4,000ና ከዚያ በላይ መውጣት አለበት፤ ሞተሩ ይጮኻል። ብዙ ሹፌር ጩኸቱን ፈርቶ ማርሹን ከፍ አድርጎ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ይረግጣል። የሚጎዳው ደግሞ ይህኛው ነው። በዝቅተኛ ዙር ሙሉ ጭነት የተሸከመ ሞተር የዘይት ግፊቱ ደካማ ይሆናል፣ ኩሽኔታው ይጨነቃል፣ ማቀዝቀዣውም ውሃውን በበቂ ፍጥነት አያመላልስም። ዳገት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ 4,500 ዙር መጮኽ ለዚህ ሞተር ሥራው እንጂ ሥቃዩ አይደለም።

የከፍታው እውነተኛ አደጋ ያለው ከራዲያተሩ በኩል ነው፤ እዚህ ላይ አንባቢ ጊዜ እንዲሰጠኝ እለምናለሁ። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ጎንደር ላይ ግን በ93፣ ደባርቅ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ። የሞተሩ ቴርሞስታት የሚከፈተው በ82 ዲግሪ ነው፤ የራዲያተሩ ፋን የሚነሳው ደግሞ ውሃው ከ90 አልፎ ወደ 95 ሲጠጋ ነው። እንግዲህ በተከፈተ ድስት ቢሆን ኖሮ በእኛ አገር ውሃው የሚፈላው ፋኑ ከመነሳቱ በፊት ነበር። ይህ እንዳይሆን የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የራዲያተሩ ክዳን። ክዳኑ ላይ 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ከሆነ በውስጡ ያን ያህል ተጨማሪ ግፊት ይይዛል ማለት ነው፤ በዚያ ግፊት ውሃው ደባርቅ ላይ እንኳ ከ115 ዲግሪ በታች አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ፣ ስፕሪንጉ ከላላ ወይም በቁጥሩ ፋንታ «ልክ የሆነ» ሌላ ክዳን ከተገጠመ ግን ግፊቱ ይጠፋል። አዲስ አበባም ከፍ ያለ ከተማ ስለሆነ ነገሩ እዚያም አለ፤ ቆላ ላይ ደግሞ ያው የላላ ክዳን ጥቂት ዲግሪ መጠባበቂያ ስላለው ሳይታወቅ ሊከርም ይችላል። ወገራ ዳገት ላይ ግን በአንድ ጉዞ ይጋለጣል።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አንድ ክረምት ላይ ወደ ደባርቅ ስወጣ መኪናዬ ዳባት ሳልደርስ ፈላች። ያደረስኳት ጋራዥ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሄዷል፣ ሞተር ይውረድ» አለኝ። ለማውረድ ገንዘብ ስላልነበረኝ በውሃ እያስታመምኩ ጎንደር ተመለስኩ። ጎንደር ላይ አንድ አዛውንት መካኒክ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ክዳኑን ከፈቱ፤ ጎማውን በጥፍራቸው ሲነኩት ተፈረፈረ። አዲስ ክዳን ገጠምን፣ ኩላንት ሞላን፣ አለቀ። ያን ቀን የወጣው ወጪ ሞተር ለማውረድ ከተጠየቅሁት ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

በእርግጥ ሁሌም ክዳን ብቻ አይደለም። የ1 ኬአር የታወቀ ደካማ ጎን የውሃ ፓምፑ ነው፤ ከዘንጉ በኩል ማንጠባጠብ ይጀምራል ወይም ኩሽኔታው ይንጫጫል። በአውሮፓ በዚሁ ሞተር የሚሄዱት ትንንሽ ቶዮታ፣ ፔጆና ሲትሮይን መኪኖች ባለቤቶችም የሚያነሱት ቅሬታ ነው። በእኛ አገር ላይ ደግሞ የራሳችንን እንጨምርበታለን፤ የምንሞላው የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ነው። ኩላንት የቀለም ውሃ አይደለም። አሉሚኒየሙ እንዳይበላ፣ የፓምፑ መዝጊያ እንዳይደርቅ፣ ዝቃጭ እንዳይጋገር ይከላከላል፤ ስሜን ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሲወርድም ውሃው በረዶ ሆኖ ብሎክ እንዳይሰነጥቅ ያደርጋል። ሳንቃበር ያደረች መኪና ንጹህ ውሃ ብቻ ይዛ ከሆነ ጠዋት ላይ የምታሳየው ነገር አያስደስትም።

ከዚህ ጋር አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ሞተር በፈላ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። ቆላ ላይ ለጊዜው የሚጠቅም ይመስል ይሆናል። በጎንደርና በደባርቅ ብርድ ግን ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ይውላል፤ ኮምፒዩተሩ ሞተሩ አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን በፒስተኑ ጎን ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል፣ ፋሻውም ይበላል። የነዳጅ ፍጆታ ጨመረ ብሎ ካንዴላ የሚቀያይር ሰው አንዳንዴ የሚፈልገው ነገር ከዓመታት በፊት ከጋራዡ ቆሻሻ ጋር የተጣለው ቴርሞስታት ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ዘይት ነው። 1 ኬአር የሚይዘው 3 ሊትር ገደማ ዘይት ብቻ ነው። ያ ትንሽ ዘይት ኩሽኔታውን ያለሰልሳል፣ የካቴናውን መወጠሪያ ይገፋል፣ ቪቪቲ-አዩን ያንቀሳቅሳል። ዘይቱ ሲቆሽሽ ወይም ሲጎድል መጀመሪያ የሚናገረው ካቴናው ነው፤ ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማ መንኳኳት። ችላ ከተባለ ካቴናው ይለጠጣል፣ የሞተር መብራት ይበራል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። የካቴና መኪና «ምንም አይቀየርላትም» የሚለው አባባል ብዙ ሞተር ቀብሯል። ካቴና ዕድሜው የዘይቱ ዕድሜ ነው።

ዘይት መብላትም አለ። ያረጀ 1 ኬአር ፋሻዎቹ በካርቦን ሲጣበቁ ዘይት ወደ ላይ አልፎ ይቃጠላል፤ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። 3 ሊትር ዘይት ብቻ በሚይዝ ሞተር ውስጥ አንድ ሊትር መጉደል ሲሶ መጉደል ነው። የዘይት መብራት እስኪበራ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል። ታዲያ የዚህ ሞተር ትልቁ ጉድለት እዚህ ጋ ይመጣል፤ እንደ ድሮው ኮሮላ ቶርኖ ቤት ወስዶ ሲሊንደሩን አስፍቶ፣ ትልቅ ፒስተን ገጥሞ ማደስ የተለመደ መንገዱ አይደለም። ቀጭን ግድግዳ ያለው የአሉሚኒየም ብሎክ ነው፤ አንዴ ክፉኛ ፈልቶ ከተጣመመ ወይም ዘይት አጥቶ ኩሽኔታው ከያዘ፣ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ያገለገለ ሞተር ፈልጎ መተካት ነው። የሚተካው ሞተር ደግሞ የማንን ጥፋት ይዞ እንደመጣ አይታወቅም። ስለዚህ እኔ በፋብሪካው ረጅም የዘይት ጊዜ አላምንም። ለእኛ አቧራ፣ ለእኛ ዳገትና ለአጭር የከተማ ምልልስ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው መቀየር ተገቢ ነው፤ በመካከል ደግሞ በየሳምንቱ መለኪያውን አውጥቶ ማየት።

ሌሎቹን ቅሬታዎች በአጭሩ ልለፍ። መንቀጥቀጡ የሦስት ሲሊንደር ተፈጥሮ ነው፤ የባሰ ከሆነ የሞተር መያዣ ጎማው አርጅቷል፣ ወይም አንድ የእሳት ኮይል ሞቷል። ትራፊክ ላይ ቆማ መጥፋት በአብዛኛው የአየር መግቢያው በካርቦን መቆሸሽ ነው፤ ማጽዳት ይበቃዋል። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪና ከሆነች የኤሌክትሪክ ገመዶቿን አጥብቆ መመርመር ያስፈልጋል።

ባለ አራት ሲሊንደሮቹን በተመለከተ 2 ኤንዜድ ለጎንደር–ደባርቅ መንገድ ከሁሉም የምመርጠው ነው፤ 1,298 ሲሲው በሳሳ አየርም ትርፍ ጉልበት ያስቀርለታል። የ2 ኤስዜድን ግን አንድ ጠባይ ዳገት ላይ የሚያቆም ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የካቴናው መወጠሪያ በዘይት ግፊት የሚቆም ስለሆነ፣ መኪናዋ በማርሽ ብቻ ተይዛ ዳገት ላይ ስትቆም ሞተሩ ወደ ኋላ ትንሽ ሊዞርና ካቴናው ጥርስ ሊዘል ይችላል፤ ከዚያ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ገፍቶ ማስነሳትም ያው አደጋ አለው። የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ ለዚህ ሞተር የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የድሮዋ 2 ኢ ኮሮላ በየትኛውም ጋራዥ ትጠገናለች፤ ካርቡራቶሯ ግን አየር መሳሳቱን አያውቅም። ለአነስተኛ ከፍታ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ቪትዟ የአየሩን ግፊት በሴንሰር ለክታ ቤንዚኗን ራሷ ትቀንሳለች።

ቤንዚኑ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ነው። ማደያ ሲደርቅ በየመንገዱ ዳር በጄሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ውሃ፣ አቧራ ወይም ነጭ ጋዝ ሊኖርበት ይችላል። ቆሻሻው ታንከሩ ውስጥ ያለውን የፓምፕ ፊልትሮ ይዘጋል፤ ፓምፑ እየታገለ ይቃጠላል። ዳገት ላይ ብቻ የምትደክም፣ ሜዳ ላይ ደህና የምትሄድ ቪትዝ ካለች ሞተር ከመውረዱ በፊት የነዳጅ ግፊቷ ይለካ።

ስለ ቁልቁለትም አንድ ቃል። ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ ሲወረድ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ የሚያደርግ አለ። በካርቡራቶር ዘመን የሆነ ስሌት ነበረው። ቤንዚኗን በኮምፒዩተር የምትረጭ መኪና ግን በማርሽ ስትወርድ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ፣ ቤንዚኑን ፈጽማ ትዘጋለች፤ ፎሌ ስትሆን ነው ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን የምታቃጥለው። በፎሌ የሚወርድ ሰው ቤንዚን እያባከነ፣ የሞተሩን ማገዣ አሳጥቶ ፍሬኑን ብቻ እያቃጠለ ነው።

ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፎሌ፣ ካቴና የምንለው ቋንቋ ከጣሊያን መካኒኮች የወረስነው ነው። ጣሊያን ጎንደርን በ1928 ይዞ በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጥቶ ወጣ፤ በከተማዋ አውቶ ፓርኮ የሚባለው ሰፈር ስም ግን ቀረ። የድሮዎቹ መካኒኮች በጆሮ ሰምተው ሞተር ይለዩ ነበር። የዛሬዋ ሞተር ጆሮም ኮምፒዩተርም ትፈልጋለች፤ የጎንደር ጋራዦች ሁለቱን እንዲያጣምሩ የሙያ ትምህርት ቤቶቻችን በቴርሞሜትር፣ በግፊት መለኪያና በመመርመሪያ መሣሪያ ሊያሠለጥኑ ይገባል። በግምት ሞተር ማውረድ ባለቤቱን ያደኸያል፤ ተመልሶ የማይገዛውን መኪናም ያጠፋል።

ፍርዴ ይህ ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደሯ ሞተር ለጎንደር ከተማ ትበቃለች፤ ለሁለትና ለሦስት ሰው ደባርቅም ታደርሳለች፤ አምስት ሰውና ጭነት በየሳምንቱ ወደ ደጋ ለሚያመላልስ ግን ባለ 1.3 ሊትሯን ይፈልግ። የትኛዋንም የያዝክ አንባቢ፣ ነገ ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና ጎማውን ዳብሰው፤ ከደረቀ ወደ ወገራ ከመውጣትህ በፊት ቀይረው።